ከትሮምሶ ቡዶ ሃምሳ ደቂቃ

ከአዳማ የወጣሁ ቀን ሰፈሩ ሊሸኘኝ ግቢያችንን ሞልቶት ነበር። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ታዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው።

«ያ የኦቦ በቀለ ልጅ፣ ገመቹ፣ እዚያው ኖርዌይ አይደል? ካንቺ ምን ያህል ይርቃል?»

«እኔ ትሮምሶ፣ እሱ ቡዶ። በአውሮፕላን ሃምሳ ደቂቃ ነው።»

«ሞጆ ደርሶ መልስ በይኛ፤» አሉና ልባቸው አረፈ። በመኪና ቀኑን ሙሉ እንደሚፈጅ አልነገርኳቸውም። እናቴ አጠገቤ ቆማለች፣ ምን ልበል?

ትሮምሶ በነሱ ክረምት ፀሐይ አትወጣም። የአዳማን ሙቀት ስራገም ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እግዜር ሰምቶኛል። ሆቴል አልጋ እያነጠፍኩ ሁለተኛ ዓመቴን ስይዝ፣ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ታዬ ደወሉ።

«ኦቦ በቀለ አርፏል። ትናንት ቀበርነው። ለገመቹ መርዶውን የምትነግሪው አንቺ ነሽ።»

«እኔ? በስልክ?»

«በስልክ መርዶ ይነገራል እንዴ? ሽማግሌ ቢሆን ደግ ነበር፣ ያለሽው አንቺ ነሽ። ሃምሳ ደቂቃ ነው ብለሽኛል።»

ገመቹ በየእሑዱ ረፋድ ላይ ለአባቱ ይደውላል። ከመቂ ቲማቲም እያስጫኑ ብቻቸውን ያሳደጉት ልጅ ነው። ነገ ሲደውል የሚሰማው ለቅሶ ነው፤ ከዚያ በፊት መድረስ አለብኝ። የእሑድን የመጀመሪያ በረራ ቆረጥኩ። ንፍሮም ቀቀልኩ፤ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም።

ኤርፖርት ላይ ፈታሹ የንፍሮውን ሳህን ከፈተው።

«ይኼ ምንድነው?»

«ስንዴና ሽምብራ። ለቅሶ ላይ የሚበላ ነው።»

«ኮንዶሌረር፤» አለኝ፤ በነሱ እግዜር ያጽናሽ ማለት ነው። «ማን ሞተብሽ?»

«የኔ አይደለም። ባለለቅሶው ገና አልሰማም።»

ትንሽ አየኝና ሳህኑን መልሶ ከደነው።

ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ነው፣ ቀበቶ እሰሩ አሉን። መንገድ አጠረብኝ ብዬ ተናድጄ አላውቅም ነበር።

ቡዶ ስደርስ ሌላ ጣጣ። መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚኬደው፣ ያውም ሽማግሌ ባለበት። ገመቹ የተከራየው ምድር ቤቱን ሲሆን፣ አከራዩ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ፎቅ ላይ ይኖራል። በሩን አንኳኩቼ ነገሩን አስረዳሁት።

«ለምን አልደወልሽለትም?»

«ነውር ነው።»

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ከጎኔ ቆመው ዝም ይበሉ።»

«እሱን እችላለሁ፤» አለ። ከረባት አስሮ ወረደ።

ገመቹ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ከፈተልን። እኔን ሲያይ ፈገግ አለ። ከዚያ ሽማግሌውን አየ፣ ከረባቱን አየ።

«አባዬ ነው?» አለኝ።

የንፍሮውን ሳህን ዘረጋሁለት። ሊወድቅ ሲል ደግፎ የያዘው ሽማግሌው ነው፤ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። በኋላ ንፍሮውን ሦስታችንም ቀመስን።

ባለፈው ሳምንት ገመቹ ጻፈልኝ። «ቅዳሜ ልምጣ?»

መርዶ በስልክ አይነገርም። አልመለስኩለትም፤ መጀመሪያ አዳማ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ።

«አቤት፤» አለች እናቴ። «ምነው በጠዋቱ?»

«ምንም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«ሰማሽ አይደል? በይ ካርድሽን አትጨርሺ።»

ዘጋችው። ለገመቹ «ና» ብዬ የጻፍኩለት ከዚያ በኋላ ነው።