ኮርማው በሞተር

ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ ገበሬ ላሙ ኮርማ ስትፈልግ ይደውልልኛል፤ እኔም የፈረንጅ ኮርማ ዘር በማቀዝቀዣ ዕቃ ሞተሬ ላይ አስሬ እሄዳለሁ። ገጠር ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም። «ኮርማው መጣ!» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ሞተሬ አዲስ ሆና የድሮ የምትመስል ናት፤ ክብ መብራት፣ ረጅም የቆዳ መቀመጫ። መልኳን አይቼ ነው የገዛኋት። ዳገት ላይ ግን እኔንና ዕቃውን አንድ ላይ አልሸከምም ትላለች። ወርጄ እገፋታለሁ። ያየኝ ሁሉ «አይዞህ» ይለኛል፤ የሚያግዘኝ ግን የለም።

ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት አሉ። ያለቻቸው አንድ ላም ናት። የፈረንጅ ዘር ይጠብቁ፣ ጥጃዋ ብዙ ወተት ትሰጣለች ብዬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየሦስት ሳምንቱ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስደርስ ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ ላሟም በእርግጫ አስተናገደችኝ። በሁለተኛውም እሳቸው ቤት መዳረሻ ያለው ዳገት ላይ ሞተሬን ስገፋ ዘገየሁ።

እናትየው አልተቆጡም። ይሄ ነው የባሰው። «ልጄ፣ አሁንም ሰዓቱ ካለፋት ለሥጋ ቤት እሸጣታለሁ። የማትወልድ ላም የምቀልብበት ድርቆሽ የለኝም» አሉኝ። አፈርኩ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ላሟን ራሷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ ማርቆስ ያለ አንድ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ዙሪያዋን ዞሮ አያትና «ሲሊንደሩን አስፍተን ትልቅ ፒስተን እንገጥምላታለን፣ ካርቡሬተሯም ይቀየራል» አለ። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሰፍቶ መጣ። ጭስ ማውጫዋን ደግሞ ነቅሎ ጣለና ባዶ ቧንቧ በየደላት።

«ድምፁስ?» አልኩት።

«ትልቅ ሳንባ አስገብተንላት አፍንጫዋን እንድፈን?» አለኝ።

አሳማኝ መሰለኝ። ሲያስነሳት ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ሁለታችንም ደስ አለን። የተማርኩት የእንስሳት ሙያ ነው እንግዲህ፤ አንድ ጊዜ እንኳን ስለ ላሟ ጆሮ አላሰብኩም።

ላሟ ካለፋት በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት እናትየው ደወሉ። ያንን ዳገት ከሞተሬ ሳልወርድ ወጣሁት። «እሰይ የኔ አንበሳ!» እያልኩ ሞተሯን እንደ ሰው አሞገስኳት። እሳቸው ቤት ስደርስ ሰዓቱ ገና ነበር። በሕይወቴ ቀድሜ የደረስኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

ሞተሩን ሳላጠፋ ላሟ ገመዷን በጥሳ አጥሩን ዘለለች።

መንደሩ በሙሉ ወጣ። እኔ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ በሰው የጤፍ ማሳ መሃል ስሮጥ፣ የማሳው ባለቤት «ኮርማው ላሟን ያባርራል!» ብሎ ጮኸ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እናትየው ብቻ አልሳቁም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ላሟ የሄደችበትን ያያሉ። ወንዝ ዳር ስንይዛት ሰዓቱ ሊያልፍ ትንሽ ነበር የቀረው። እዚያው በአራት ሰው አስይዤ አዳቀልኳት። የደነገጠች ላም ብዙ ጊዜ ፅንስ እንደማትይዝ ተምሬያለሁ፤ ለእናትየው ግን አልነገርኳቸውም። ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ስልኬ በጮኸ ቁጥር የደወለው ማን እንደሆነ ሳላይ አላነሳም ነበር። እሳቸው ከደወሉ ላሟ እንደገና ኮርማ ፈልጋለች ማለት ነው፤ ላሟም ለሥጋ ቤት ናት። ሃያ አንደኛው ቀን አለፈ፤ አልደወሉም። ሃያ ሁለተኛውም አለፈ። በሃያ አራተኛው ቀን ደወሉ።

ሞተሬን አቁሜ አነሳሁት። «አቤት፣ እናቴ።»

«ልጄ፣ ሌሊት ሁሉ እየተነሳሁ ሳያት ሰነበትኩ» አሉኝ። «ዝም ብላለች። አልፈለገችም።»

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፤ ለላም ነው ብል ማን ያምነኛል።

«እናቴ፣ ሁለት ወር ሲሞላት መጥቼ በእጄ መርምሬ ላረጋግጥልዎት?»

«ና እንጂ» አሉ። ከዚያ ጨመሩ፦ «በእግርህ ና።»