አባቴ «ናሴ» ሲለው

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰሞኑን ሱቅ ውስጥ አዲስ የጓጉንቸር ካርቶን ስከፍት ከመጠቅለያው ወረቀት ስር ያ የማሽን ዘይት ሽታ ወጣና አፍንጫዬን አወደው። እጄ ካርቶኑ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ደንበኛው «አባዮ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። ምን ብዬ ልመልስለት? እዚህ ቆሜ ሌላ ቦታ ነኝ ይባላል?

እንግዲህ አንቺ ስሚኝ። አሁን እኔ የያዝኩት ሱቅ ያኔ የአባቴ ነበር። ጅጅጋ መሀል ገበያ ላይ ምስማር፣ ማጠፊያ፣ የውሃ ቧንቧ መገጣጠሚያ ይሸጣል፤ ከሁሉም በላይ ግን የሚወደው ጓጉንቸር ነው። የናስ ጓጉንቸር ሲመጣለት እንደ እንቁላል አንድ በአንድ እያወጣ በጨርቅ ይወለውለዋል። «ብረት ይዝጋል፤ ናስ ግን አይዝግም» ይላል፣ ገዢ ቢኖርም ባይኖርም። ከመሀል አገር የመጣው በወጣትነቱ ነው። ሶማሊኛው ግን እስካሁንም የምስማርና የመዶሻ ሶማሊኛ ነው። ሰላምታውንና ቁጥሩን ያውቃል፤ የቀረውን በፈገግታ ይጨርሰዋል። ቋንቋውን አሳምራ የምታውቀው እናታችን ነበረች፤ እሷ ደግሞ እኔ ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ አረፈች። እኔ፣ አባቴና በአራት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ብቻ ቀረን።

ታውቂ እንደሆነ ሶማሌ ቅጽል ስም የማያወጣለት ሰው የለም። ረጅሙን «ዴሬ»፣ ትንሹን «ያሬ» ይሉታል። ክፋት የለውም፤ ሰውየውም አቤት ብሎ ይዞራል። ወንድሜን ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው የኳስ ጓደኞቹ «ናስሌ» አሉት። ናስ በሶማሊኛ ጡት ነው፤ ናስሌ፣ ባለ ጡት። ጉርምስና ሲመጣበት ከጢሙ በፊት ጡቱ ነበር ያደገው። ይጠፋል ብሎ ጠበቀ፤ አልጠፋም።

አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ ሱቁ በር ላይ ቆሞ «ናስሌ!» ብሎ ሲጣራ አባቴ ሰማ። ፊቱ በራ።

«ናስ አሉት? ልጄን ናስ አሉት?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «እነዚህ ሰዎች ሰው ያውቃሉ! አይዝግም ማለታቸው እኮ ነው!»

እኔ ወንድሜን አየሁት፤ እሱም እኔን አየኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ በሰው መሀል «ናሴ!» እያለ ይጠራው ጀመር። «ናሴ፣ ሁለት ኪሎ ምስማር መዝንለት!» «ናሴ፣ መሰላሉን አምጣው!» ገዢዎቹ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። አንዳንዱ ደጅ ወጥቶ ስቆ ይመለሳል። አባቴ ሰው ሁሉ ልጁን የወደደለት እየመሰለው አብሯቸው ይስቃል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ወንድሜ ኳሱን ተወ። በጠራራ ፀሐይ ወፍራም ጃኬት ይለብሳል፤ ሲሄድም ብብቱ ውስጥ የተሰረቀ ነገር እንደያዘ ሰው ትከሻውን ወደ ፊት አጥፎ ነው። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የቆረጠው ሰው ሁሉ ማስክ ባደረገበት ዓመት ነበር። መጀመሪያ እዚያው ከተማ አንድ ክሊኒክ ገባና «ደረቴን» አለ። ሌላው ቃል ከአፉ አልወጣ አለው።

«ደረትህን ምን?»

«እንዲሁ... ደረቴን።»

በዚያ ዘመን ደረቴን ማለት! ራጅ አነሱት፣ አክታ ትፋበት ብለው ብልቃጥ ሰጡት፣ በመጨረሻ የሳል ሽሮፕ አስይዘው ላኩት። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። «ቅመሽው፣ ይጣፍጣል» አለኝ፣ እንባው ከሳቁ ጋር እየወረደ። ከዚያ ሳቁ ሄደና እንባው ብቻ ቀረ።

በቴሌግራም ሐረር ያለ አንድ ቀዶ ሐኪም አገኘን። በወረርሽኙ ምክንያት ሰው ከመቀበሉ በፊት ፎቶ ላኩልኝ ይላል፤ ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ደግሞ እጅ ወደ ላይ ተነስቶ። ወንድሜ መልእክቱን ይጽፋል፣ ያጠፋዋል፤ ይጽፋል፣ ያጠፋዋል። ስልኩን ተቀበልኩትና «ወንድሜ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ጡቱ አድጓል» ብዬ ላክሁት። የራስ ካልሆነ ቀላል ነው።

ፎቶውን ያነሳሁት ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ገበያው ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚያርፍበት በቀትር። የቆርቆሮው ጣሪያ የድሮ ምስማር የበሳቸው ቀዳዳዎች ነበሩት። በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የፀሐይ ክር ይወርዳል፤ በክሩ ውስጥ አቧራው ቀስ ብሎ ይዋኛል። ከውጪ የአንድ ፍየል ድምፅ፣ ከሩቅ ደግሞ አዛን ይሰማኝ ነበር። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ጃኬቱን አወለቀ።

«እንዳትስቂ።»

«አልስቅም።»

«ሙት በይኝ።»

«አንተ ሙት!»

ዞረ። የፀሐዩ ነጠብጣብ ትከሻው ላይ፣ ሆዱ ላይ፣ ያን ሁሉ ዓመት ብርሃን ያላየ ገላው ላይ ተበትኗል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያየሁት ነገር አስቀያሚ አልነበረም። ለእኔ ተልኮ ቤት ተሳስቶ እሱ ዘንድ የገባ እንግዳ ነበር የሚመስለው። ይህንኑ ብነግረው «ነይ ውሰጂልኝ እንግዲህ!» አለኝ። እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ግን ፊቱን አዞረ። ስቸኩል ሁለተኛው ፎቶ ደበዘዘ፤ ደግሜ አነሳሁት። ያ ስልክ ዛሬ የለም፤ ውሃ ገብቶበት ፎቶዎቹን ይዞ ሞተ። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን የፀሐዩ ነጠብጣብ የት የት እንደነበረ አሁንም እቆጥረዋለሁ።

ሐኪሙ በማግስቱ መለሰ። መቼ ጀመረ? ሲነካ ያማል? ጠጣር ነገር አለው? ምን መድኃኒት ይወስዳል? ያጨሳል፣ ጫት ይቅማል? ቢቅም ከዛሬ ጀምሮ ያቁም። የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይሠራለታል። ቀዶ ጥገናው ከተወሰነ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝና ደረት ጨምቆ የሚይዝ ቦዲ ይዞ ይምጣ። ሁሉንም በደብተር ወረቀት ገለበጥኩት። መጨረሻው ላይ «አንድ ትልቅ የቤተሰብ ሰው አብሮት ይምጣ» ይላል።

ወንድሜ ወረቀቱን አጠፈው።

«በቃ፣ አልሄድም።»

«ለምን?»

«አባዬ ከመጣ ይጠይቃል። ከጠየቀ ይገባዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ብሎ ሲጠራኝ እንደኖረ ይገባዋል» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ ይህን ከሚያውቅ እኔ እንደያዝኩት ልሙት።»

እንዲያም ሆኖ ቦዲውን ልገዛ ወጣሁ፤ ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ። ከሱቃችን ሦስት በር አለፍ ብሎ ከድንበሩ ከተማ ከቶጎጫሌ የሚመጣ ልብስ የምትሸጥ ሶማሌ ጎረቤት ነበረችን። «ኤዶ» እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት።

«ኤዶ፣ ደረት የሚያጠብቅ ቦዲ አለሽ?»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳቋን ለቀቀችው። «አባዮ፣ ምኑን ልታጠብቂው? መጀመሪያ ከወንድምሽ ተበደሪ!»

ሳቋ መሀል ላይ ተቆረጠ። ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ። ጥቁሩን ቦዲ ከመደርደሪያ አወረደች፣ በሁለት እጇ ለጠጥ አድርጋ ሞከረችው፤ «ትልቁን ቁጥር ውሰጂ» አለችኝ ቀስ ብላ። ከዚያ እጄን ያዘች። «አባትሽ ሲጠራው ሰው ይስቃል። እኛ ጎረቤቶቹ እንንገረው እንልና ደግሞ እንፈራለን። ትልቅ ሰው እንዴት ይነገራል? ከእኛ አፍ ከሰማ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። ካንቺ ይስማ።»

በዚያው ሳምንት ከአባቴ ጋር ዕቃ ልናመጣ ቶጎጫሌ ሄድን። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ነበርን፤ የጓጉንቸሩን ካርቶን ጉልበቱ ላይ አቅፎታል። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሜዳው የማር መልክ ይዟል፣ የግመሎቹ ጥላ ከግመሎቹ ረዝሟል። ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን በአቧራው ውስጥ ይመጣል፣ ይሄዳል። ተሳፋሪው ሁሉ እንቅልፍ ወስዶታል። ማስኬ ውስጥ የራሴ ትንፋሽ ያቃጥለኛል። አሁን ሳስበው ሕልም ይመስለኛል፤ በእርግጥ አፌን ከፍቼ እንደነገርኩት አንዳንዴ እጠራጠራለሁ።

«አባዬ፣ በሶማሊኛ ናስ ማለት ናስ አይደለም።»

«ምንድነው ታዲያ?»

«ጡት ነው።»

መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ የቀለድኩ መስሎት። ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ቀረ፣ ባለቤቱ እንደረሳው ዕቃ። ስለ ጃኬቱ፣ ስለ ሽሮፑ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ በመስኮት ሜዳውን ያያል።

«ስንት ዓመት ጠራሁት?»

«ሦስት።»

«በሰው ፊት» አለ።

ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ደስ ብሎህ ስለነበር።»

ጅጅጋ ስንገባ ካርቶኑን እንዳቀፈ ቀድሞኝ ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሰው ሞልቶት ነበር። አባቴ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ወንድሜን አያታችን ባወጡለት ስም ጠራው፤ ሳያሳጥር፣ ሙሉውን። ወንድሜ መሰላሉ ላይ ነበር። ቀስ ብሎ ዞረና አባቴን ሳይሆን እኔን አየኝ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ ያቀረብኩለትን ምግብ እንኳ ሳያየኝ ነው የሚበላው። አባቴ በበኩሉ ያን የደብተር ወረቀት ተቀብሎኝ መነጽሩን አድርጎ ደጋግሞ አነበበው። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ «ሰኞ ሐረር እንሄዳለን። ጫት የሚባል ነገር እንዳላይ» አለ። ወንድሜ «እሺ» አለ።

የካራማራን ተራራ ስንወጣ ጭጋግ ነበር። ሦስታችን አንድ ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀምጠናል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ድምፁ ለስላሳ። «ፎቶውን አይቻለሁ። እስቲ አንተው ንገረኝ፤ ምንድነው የሚያስቸግርህ?» አለው።

ወንድሜ አፉን ከፈተ። «ደረ...» ብሎ ቆመ። እንደገና ሞከረ።

አባቴ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገ። ገዢ ዋጋ ሲጠይቀው በሚመልስበት በዚያ ተራ ድምፁ፣ «ልጄ ጡት አለው» አለ። «ብዙ ጊዜ ሆነው። እኔ ነኝ የዘገየሁት።»

«ብዙ ወንድ ያለው ነገር ነው» አለ ሐኪሙ፣ ስለ ጉንፋን እንደሚያወራ። «ና፣ ልይህ።»

ወንድሜ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። የጃኬቱ ዚፕ ሲወርድ ሰማን። አባቴ የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር።

ምርመራው ሁሉ ደህና ሆነ። ቀዶ ጥገናው የተደረገው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከሌሊት ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምስ ገባ። ሲያወጡት ፊቱ አመድ መስሎ፣ ከሁለት ጎኑ ቀጫጭን ቱቦ ወጥቶለት፣ አልኮል አልኮል እየሸተተ ነበር። ማደንዘዣው ገና አልለቀቀውም። ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

«እንግዳሽ ሄደ?» አለኝ።

«ሄደ» አልኩት። ተኛ።

ሐኪሙ ለአንድ ወር እጁን ከትከሻው በላይ እንዳያነሳ አዘዘው። ፀጉሩን እንኳ መታጠብ አይችልም። ላጥብህ ብለው ከእኔ አፈረ። አባቴ ሱቁን ሁልጊዜ የሚከፍተው በአንድ ሰዓት ነበር፤ ያን ወር ግን ሁለት ሰዓት አደረገው። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ በርጩማ ያወጣል፣ ወንድሜን ጎንበስ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ለብ ያለውን ውሃ በጆግ ቀስ እያለ ያፈስበታል። ውሃ እንዳይገባበትም በግራ እጁ ጆሮውን ይሸፍንለታል።