አጎቴ ሰይድ የነጠቀኝ አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፀጉሬን ልሠራ ገብቼ ልጅቷ የጉሎ ዘይት በመዳፏ አሙቃ ወደ ራሴ ስታስጠጋው እጇን ገፈተርኩት። «እትዬ፣ ለፀጉር እኮ ጥሩ ነው» አለችኝ ደንግጣ፤ እኔም አፍሬ ሌላ ቅባት እንድታመጣ ለመንኳት። እንዴት ብዬ ላስረዳት? ለእኔ የጉሎ ዘይት ሲቃጠል የሚጨስ፣ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ከልብስ ታጥቦ የማይለቅ የአውሮፕላን ነዳጅ ነው፤ ሽታው ሲመጣ አጎቴ ሰይድ አብሮ ይመጣል፤ አጎቴ ሰይድን ደግሞ አልወደውም። ፊት ለፊት ሁልጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አልለውም።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጅዳ ወደ መካነ ሰላም ተመለሰ። ሌላው ከዐረብ አገር ሲመጣ ብርድ ልብስና ቴፕ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ግን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አላስጭንም ብሎ ከደሴ ጀምሮ ያቀፈውን ረጅም ካርቶን ይዞ ወረደ። ውስጡ ክንፏ ቀይ፣ ሆዷ ነጭ፣ አፍንጫዋ ላይ ቡጢ የምታህል ሞተር ያላት፣ በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ አውሮፕላን ነበረች፤ አንቴና ያለው የማዘዣ ሳጥንና ስፒሪት ከጉሎ ዘይት ጋር የተቀላቀለበት ሁለት ቆርቆሮ ነዳጅም ነበር። ሾፌር ሆኖ የሠራበት ቤት ልጆች ሲሰለቻቸው የሰጡት ናት። ለሰፈሩ ያወራው ግን ሌላ ነው። «እዚያ አብራሪው እኔ ነበርኩ፤ ዐረቦቹ ቁጭ ብለው ነው የሚያዩኝ» ሲል ሽማግሌዎቹ «ማሻአላህ» እያሉ ጢማቸውን ይዳብሳሉ።

አንድ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ራቅ ያለ ነገር አይለይም፤ ይህን ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግም። ስለዚህ «ልጅቷን አስተምራታለሁ» አለ፣ ትልቅ ቸርነት አስመስሎ። አባቴ ደስታውን አልቻለውም።

ከከተማው በታች፣ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጤፉ ከተነሣ በኋላ ባዶውን የሚቀር ሜዳ ነበር። እዚያ አጎቴ ሞተሩን በጣቱ እየመታ ለማስነሣት ይታገላል፣ ጣቱን ይቆርጠዋል፣ አውሮፕላኗን ትቶ እኔን ይሰድባል፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ጩኸቱ አህዮቹን አስደንብሮ ከነጭነታቸው ይበትናቸዋል። በጅዳ የባሕር ጠረፍ ከባድ አየር የለመደችው አውሮፕላን በእኛ ደጋ ስስ አየር ሦስት ጊዜ ተንደርድራ አልነሣ አለች። በአራተኛው ሙከራ ጎማዋ ከገለባው ላይ ለቀቀና ወጣች፤ በአውራ ጣቶቼ የያዝኳቸው የማዘዣ ሳጥኑ ሁለት ዘንጎች ሕይወት ያላቸው መሰለኝ፤ እኔም ሳላውቀው በእግሬ ጣቶች ጫፍ ቆምኩ። ያን ስሜት ለመግለጽ ስንት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል።

ትምህርቱ ስድብ ብቻ ነበር። «ግራ! ግራሽን አታውቂም? በየትኛው እጅሽ ነው የምትጎርሺው?» ይላል። እሱ ግራ ባለኝ ቁጥር ግን አውሮፕላኗ አንዳንዴ ትታዘዛለች፣ አንዳንዴ በተቃራኒው ትሄዳለች። ቤት ገብቼ ክንዶቼን እንደ ክንፍ ዘርግቼ ከበሩ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ በሩ ተመላለስኩ፤ እናቴ ልጄን ጂን ነካብኝ ብላ ቁርአን ልታስቀራብኝ ምንም አልቀራት። በሦስተኛው ቀን ገባኝ፤ አውሮፕላኗ ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ቀኟ የእኔ ግራ ነው። ሮጬ ነገርኩት።

«ጅዳ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለኝ።

በገበያ ቀን ሰዉን ሁሉ ጠርቶ ሜዳውን ሞላው። አውሮፕላኗን አስነሥቼ ሁለት ጊዜ አዞርኳት፤ ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ወደ እኛ አቅጣጫ ስትመጣ ንፋስ በስተቀኛችን ወዳለው የድንጋይ ካብ ገፋትና አጎቴ «ግራ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ቀኝ አደረግኩ፤ መመለስም ጀምራ ነበር። ያኔ ሳጥኑን ከእጄ ነጥቆ ዘንጉን ወደ ግራ ገፋው። አውሮፕላኗ ዞራ ካቡን በአፍንጫዋ መታች። አንድ ክንፏ ለሁለት ተከፈለ።

«ነገርኳት፤ አልሰማ አለች» አለ ለሰዉ ሁሉ።

«ውሸቱን ነው! አጎቴ ማብረር አይችልም!» ብዬ ጮኽኩ። አባቴ ትልቅ ሰው ደፈርሽ ብሎ እዚያው በጥፊ መታኝ። እስከ አሥረኛ ክፍል ስሜ «ሰባሪዋ» ሆኖ ቀረ፤ ለሠርግ ዕቃ ስንዋስ እንኳ ሳህን አያስይዙኝም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አጎቴ ታሞ አስጠራኝ። እሱ ፍራሽ ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀመጥን፤ ሚስቱ ወጣ አለችልን።

«አንቺ ልክ ነበርሽ» አለኝ። «የዚያኑ ዕለት ገብቶኛል። ጅዳ ልጆቹ አውሮፕላኗን አስነክተውኝ አያውቁም፤ ከመኪናው ዳር ቆሜ ነበር የማያቸው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ሰው ሁሉ እያየኝ?»

ልቤ ይራራል ብዬ ጠበቅሁ። አልራራም። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያናድደኝ የኖረውን ጠየቅሁት፤ «አንድ ቆርቆሮ ነዳጅ ተርፎ ነበር። የሰፈራችን አናጢም ክንፉን እጠግነዋለሁ ብሎ ነበር። ለምን አላስጠገኑትም?»

«ብትጠገን የምታበሪያት አንቺ ነበርሻ» አለኝ። ቀጥሎ እጄን ፈለገና «አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ» አለ።

«አላህ ያሽርዎት» ብዬ ተነሣሁ።

ወሩ ሳይሞላ ሞተ። ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ ለመጣው ሁሉ እንጀራ አቀረብኩ፤ ሰዎች «እንደ ልጁ ነበርሽ፤ አብራችሁ አውሮፕላን ስታበሩ ትዝ ይለናል» እያሉ ሲያጽናኑኝ አንገቴን ነቀነቅሁ። ያ ሜዳ ዛሬ የቆርቆሮ ቤት ሞልቶበታል። እዚያ ያሳለፍኩት የበረራ ጊዜ ተደምሮ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ ወዲህ የተማርኩት፣ ያስተማርኩት፣ የወለድኩት ሁሉ ያቺን አንድ ሰዓት አላስረሳኝም። ማብረር የምችል ሰው ነበርኩ። ይህን የሚያውቅልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አፈር ገባ። እኔ እስከ ዛሬ አፉ አላልኩትም።