የዳዊት አስማት

ዳዊት በገዛ ቤቴ አሳቀብኝ። መርሳ ላይ አንድ ክፍል ያከራየሁት፣ ለወልድያ ነጋዴዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ጎረምሳ ነው። በስልክ፣ «አስማት ነው፤ ኮዱ ውስጥ የለም፣ ሲጠሩት ግን ከች ይላል» ሲል ሰማሁና የነፍስ አባቴን ከነመስቀላቸው አመጣሁበት።

«እማማ፣ ፒኤችፒ የሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ እኮ ነው!» አለ። «ያልተጻፈውን ስም ስንጠራው ከዳታቤዝ ያመጣዋል። ከእኔ በኋላ የሚሠራው ሰው እንዳይደናገር ስሞቹን ከኮዱ አናት ላይ እየዘረዘርኩ ነው።»

ቄሱም፣ «አስማት እኮ በግዕዝ ስሞች ማለት ነው» ብለው አብረውት ተንከተከቱ። መርሳ ሙሉ የሚፈራኝን እኔን!

በማግስቱ ጠዋት ከሰል አንስቼ እኔም በሩ አናት ላይ ጻፍኩለት፦ «እዚህ ክፍል ለአከራይ ያልተነገረች፣ ሲደውልላት የምትመጣ ሴት አለች። ስሟ ሰብለ ነው።»