የአያቴ ስምና የተዋስኳቸው ሰባት አባቶች

የአያቴን ስም እዚህ አልጽፈውም። ብጽፈው ከጊንጪ እስከ ባኮ ያለ ሰው ሁሉ ማን እንደሆንኩ በአንዴ ያውቃል። እንደዚያ ያለ ስም ነው። ኦሮምኛ አይደለም፣ አማርኛ አይደለም፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጥ አታገኘውም። አምቦ ስማር፣ ተማርኩ ከተባለ፣ አስተማሪው ስም ሲጠራ የእኔን ቶሎ ይላታል፣ የአባቴንም ቶሎ ይላታል፣ አያቴ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፣ መነጽሩን ያስተካክላል፣ ከዚያ "አንተ... ያው አንተ!" ብሎ ያልፈኛል። ክፍሉ ይስቃል። እኔ ደግሞ ተነስቼ እንደ ሚኒስትር እጅ እነሳለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ተለያየን። ተጣልተን አይደለም፣ በሰላም ነው። ስሙ ግን ከእኔ ጋር ቀረ፣ እና እንዲህ ያለ ስም ይዞ ዝም ማለት ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። ሰው "ምን ማለት ነው?" ሲለኝ ታሪክ ፈጠርኩለት። የድሮ አባታችን ስም ነው አልኩ፣ ጭልሞ ጫካ ውስጥ በዱላ ብቻ ነብር የገደለ ጀግና። ይሄ አምቦ ላይ ነው። ጉደር ስደርስ ነብሩ ጎሽ ሆነ። ባኮ ስወርድ ጎሹ አንበሳ ሆነ። ሸነን ላይ አንበሶቹ ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ነፍሰ ጡር። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ "ይሄ ስም ያለበት ሰው፣ የትም ይኑር የት፣ የእኛ ደም ነው። ሌላ ሰው አይጠራበትም።" ይቺ ናት በኋላ ጉድ የሠራችኝ።

ሥራዬ ሳልባጅ መነገድ ነበር። ልብስ በጆንያ ይዘህ ከገበያ ገበያ መዞር ነው። አንድ ጃኬት ከፍ አድርጌ "ይሄን የለበሰው ፈረንጅ ሁለት ሚስት ነበረው!" ካልኩ ገበሬው ስቆ ይገዛል። ካልሳቀም ይገዛል፣ ምክንያቱም አልለቀውም። ታዲያ በዚህ ዙረት ላይ የአያቴ ስም እዚህም እዚያም ብቅ ይል ጀመር። ጊንጪ አንድ አናጢ አገኘሁ፣ የአባቱ ስም ያው። ባኮ ደግሞ ራሱ በስሙ የሚጠራ ሽማግሌ አለ፣ ወንድ ልጅ የሌለው፣ በቆሎ የሚያበቅል። ሁሉም ጋ "አጎቴ!" ብዬ ተጠመጠምኩ፣ ሁሉም ጋ ምሳ በላሁ። የባኮው ሽማግሌ የአንበሳውን ታሪክ ፊቱን ሳይለውጥ እስከ መጨረሻው ሰማኝና "እና አንበሳው ምን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ የሚያሾፍብኝ አልመሰለኝም ነበር። የማሾፈው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከሚሊኒየሙ በዓል ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ ሸነን ጤና ጣቢያ በር ላይ የአንድ ሰውዬ ስም ሲጠራ ሰማሁ። የአባቱ ስም የአያቴ ስም ነው። ጆንያዬን ጥዬ ሮጥኩ።

"አጎቴ!" አልኩት።

ሰውዬው ገበሬም ባለ ሱቅም ነው፣ ቶሎ የሚታለል ዓይነት አይደለም። ከላይ እስከ ታች አየኝና "ከየት ነህ? ሰባት ቤት ቁጠር እስቲ" አለኝ።

እኛ አገር ዘመድ ነኝ ያለ ሰው አባቶቹን እስከ ሰባት ይቆጥራል። እኔ ደግሞ ከአያቴ ወዲያ ባዶ ነኝ። አባቴ ሊያስተምረኝ ሲቀመጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ እፈለግ ነበር።

"አንተ እያለህማ እኔ አልቀድምም። ጀምር፣ አብረን እንበል" አልኩ፣ በጨዋ ደንብ።

ጀመረ። እኔ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኩ፣ መዝሙሩን የማያውቅ ሰው ቤተክርስቲያን ውስጥ እንደሚያደርገው፣ የቃሉን ጭራ ጭራ እየያዝኩ። እሱ የዘመድ ነገር ደስ ብሎት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ አላየኝም። ቤቱ ገብተን ጭኮ ቀርቦልኝ እየበላሁ "እስቲ ድገምልኝ፣ ሲነገር ደስ ይለኛል" አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲደገም መሪው እኔ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ሸነን ገበያ በመጣሁ ቁጥር እነሱ ቤት አድራለሁ፣ ጠዋት የሱቁን ከረጢት አነሳለሁ። ልጆቹ አባቶቻቸውን ሲሳሳቱ የማርማቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ስገባ አንዲት ልጅ ሱቁ በር ላይ ቆማለች። አምቦ ጤና ኤክስቴንሽን ስትማር የቆየችው ትልቋ ልጅ ናት፣ ጨርሳ ሸነን ተመድባ መምጣቷ ነው።

"ወንድምሽ ነው፣ ሳሚው" አላት አባቷ።

ሳመችኝ። ከዚያ አባቷ ወደ ጓዳ ሲገባ "ከመቼ ጀምሮ?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ወንድሜ የሆንከው። እኔ ስሄድ ሦስት ነበሩ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ "ወንድም ጋሼ" ነው የምትለኝ። በአክብሮት እንዳይመስልህ። እሷ ቤት ለቤት እየዞረች ሽንት ቤት ስለ መቆፈር ታስተምራለች፣ እኔ ጆንያዬን ይዤ በዚያው መንገድ ሥራ ይበዛብኛል። ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጥልቀት እያወራ እንደዚያ የሚያምር ሰው አይቼ አላውቅም።

"ወንድም ጋሼ፣ እናንተ ቤት ሽንት ቤት አለ?"

"ሁለት አለ።"

"አንዱን አንተ ነህ የቆፈርከው?"

"በአንድ ቀን።"

"በዱላ?" አለችና ሄደች። የአንበሳውን ታሪክ ሰምታለች ማለት ነው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆም አለችና ያለ ቀልድ አወራችኝ። አንድ አስተማሪ መኸር ሲገባ ሽማግሌ ሊልክ ነው። "አንተን አልጠላሁህም። ግን አባቴ ፊት በገዛ አፍህ ወንድሜ ሆነሃል። ያሰርከውን አንተው ፍታው። መኸር ድረስ" አለች።

ጆንያዬን ተሸክሜ ወደ ሱቁ ተመለስኩ።

ለአባቷ ነገርኩት። ፊት ለፊት፣ ሱቁ ውስጥ፣ ጨው እየመዘነ።

"ዘመዳችሁ አይደለሁም። ዋሽቼ ነው" አልኩ።

"መቼ ነው የዋሸኸው? አሁን ነው ያኔ?"

"ያኔ።"

"ሰባቱን አባቶቼን ከእኔ ልጆች አብልጠህ የቆጠርከው ዋሽተህ ነው?"

"ጭኮ እየበላሁ አጠናኋቸው።"

ሚዛኑን አስቀመጠው። ይሳቅ ይቆጣ እንዳልወሰነ ያስታውቃል። "እሺ፣ ስሙስ? የአባቴ ስም የአያትህ ስም ነው፣ ይሄን መታወቂያህ ላይ አይቻለሁ። ይሄ ስም ሌላ ቦታ የለም፣ ያለበት ሁሉ አንድ ደም ነው ያልከው አንተ ነህ። ልጄን ፈልገህ መሆኑ ገብቶኛል፣ ግን ለሥጋ ዘመዷ ሰጠ ተብዬ ሸነን ውስጥ አልኖርም። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አምጣ። አንተ ያልሆነ ሰው።"

አምቦ ወርጄ አባቴ ጋ ቁጭ አልኩ። "አባቶቼን ቁጠርልኝ" ስለው አሞኛል ብሎ ግንባሬን ዳሰሰ። ቆጠረልኝ። ጭልሞ ጥግ እንጨት እየቆረጡና ገብስ እየዘሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ አንድም ነብር የለበትም። የአያቴ ስም ከየት እንደመጣ ግን አባቴም አያውቅም፣ አያቴ የሞተው እሱ ገና ሳይጎረምስ ነው። በስሙ ራሱ የሚጠራ፣ በሕይወት ያለ፣ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። በማግስቱ የባኮ አውቶቡስ ያዝኩ።

ሽማግሌው በረንዳው ላይ በቆሎ ይፈለፍላል። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፣ ያለ አንበሳ። ሲስቅ በቆሎው ከእጁ ተበተነ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እኮ ዘመዴ እንዳልሆንክ የመጣህ ዕለት ነው ያወቅኩት።"

"እና ለምን ዝም አልከኝ?"

"እዚህ በረንዳ ላይ እኔን ሊያስቅ የሚመጣ ሌላ ማን አለ?"

ከዚያ እናቱ የነገረችውን ነገረኝ። ጣሊያን በወጣ ሰሞን ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ የቀረ አንድ ቀይ ፈረንጅ ነበር፣ አየርላንድ የሚባል አገር ሰው። አምቦ ያለ አንድ ክሊኒክ ሹፌር ሆኖ ተቀጠረ። ምጥ የጠናባትን ሴት ከየገጠሩ እየጫነ ያመጣል። መንገዱ መንገድ አይደለም፣ ክረምት ላይ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ትቀረቀራለች፣ ምጥ ደግሞ ጭቃ አይጠብቅም። በአቅራቢያው ያሉ ሴቶች ነጠላቸውን አሸርጠው ይሮጣሉ፣ ልጁ መኪናዋ ውስጥ ይወለዳል። ፈረንጁ ፊቱን ወደ እርሻው አዙሮ፣ ዣንጥላ ይዞ፣ በቋንቋው ይዘፍናል አሉ። ወንድ ከሆነ ስሙ በሹፌሩ ይወጣል። ሹፌሩም ስሙን ሲጠይቁት የሚነግራቸው የቤተሰቡን ስም ነው፣ እነሱ አገር ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደውን። እኛ ለሕፃን ሰጠነው።

"መኪናዋ እኔን ስትጭን የተቀረቀረችው እዚያ ጋ ነው" አለኝ፣ ከበቆሎው ማዶ ወዳለው ወንዝ እየጠቆመ። "ስማችን የት የት እንዳለ ማወቅ ከፈለግክ፣ የት የት ጭቃ እንደነበረ ጠይቅ።"

በልቤ ቆጠርኩ። ጊንጪ፣ አምቦ፣ ሸነን፣ ባኮ። በስሙ የተጠሩት ሁሉ አንድ ዕድሜ ናቸው፣ ከእነሱ በፊት በዚህ ስም የተጠራ ሰው ማንም ጠቅሶልኝ አያውቅም። ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዴት አላየሁትም? ጀግናው አባታችን ጭቃ ነበር።

"ሸነን መጥተህ ይሄን ትነግርልኛለህ?" አልኩት።

ጉልበቱን አሻሸ። ሩቅ ነው፣ እሱም አርጅቷል። "ኤዬ፣ እመጣለሁ። ግን ሽማግሌ ፊት ዘመዴ አይደለም ካልኩ በኋላ መስቀል ላይ 'አጎቴ' እያልክ አትመጣም ማለት ነው" አለ። ቀልድ አስመስሎ ነው ያለው። የእሱን ቀልድ አሁን አውቀዋለሁ፣ ቀልድ አልነበረም።

በጉዟችን አምቦ ላይ ወርደን ኢንተርኔት ቤት አስገባሁት። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስሙን በአምስት ዓይነት ፊደል ሞክሮ አገኘው። አየርላንድ ውስጥ አንድ አካባቢ ነው ያለው፣ ጥቂት መቃብር ላይና አንድ የትራክተር ዕቃ መሸጫ በር ላይ። ከዚያ ውጭ ተሰድደው የሄዱ አንዳንድ ሰዎች። "ብርቅ ስም ነው፣ እዚያ ሊጠፋ ደርሷል" አለን ልጁ። "እኛ ጋ በሽበሽ ነው በላቸው!" አልኩት። ሽማግሌው የሱቁን ፎቶ ትንሽ አየና "ትራክተሩ ጭቃ ይወጣል?" ብሎ ጠየቀ።

ሸነን የልጅቷ አባት ግቢ ውስጥ ዝምድናችንን ሊያጣራ አምስት ሽማግሌ ተቀምጧል። እሷ በሱቁ በር በኩል ከእናቷ ጋር ቆማለች። የባኮው አጎቴ፣ ይቅርታ፣ የባኮው ሽማግሌ፣ ሁሉን ከመኪናዋ እስከ ዣንጥላው ተናገረ። አንዲት የጎረቤት አሮጊት ከአጥር በኩል "እውነት ነው! የዚህ ሰውዬ አባት የተወለደው ከድልድዩ በታች ነው፣ እናቴ ነጠላዋን ጨርሳበታለች!" ብላ ጮኸች። የልጅቷ አባት አንገቱን ደፋ። አባቱ መኪና ውስጥ እንደተወለደ ያውቅ ነበር፣ የማን መኪና እንደሆነ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ወደ ባኮው ዞረ። "ይሄ ልጅ ላንተ ምንህ ነው?"

"ምኔም አይደለም" አለ። ወደ እኔ አላየም።

"እሺ" አለኝ ሰብሳቢው፣ "መጀመሪያ የሰውን አባቶች መልስ።"

ቆሜ ሰባቱን አንድ በአንድ ጠራሁ። አንዱን በጠራሁ ቁጥር የልጅቷ አባት "ተቀበልኩ" ይላል። ሳቅ እየታፈነ ነው፣ እኔ ግን፣ እመነኝ፣ ሰባተኛው ላይ አዘንኩ። ለምጃቸው ነበር።

"አሁን ያንተን።"

ጀመርኩ። አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ፣ አራተኛው... አምስተኛው ጠፋኝ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ "ይሄም ጥናት ነው እንዴ?" ሲል ሰማሁት።

ከሱቁ በር በኩል ድምፅ መጣ። እሷ ናት። አምስተኛውን ጠራች። ከዚያ ስድስተኛውን። ከዚያ ሰባተኛውን፣ በትክክል፣ አባቴ እንደሚለው አድርጋ።

"አንቺ ከየት አመጣሽው?" አለ አባቷ።

"ለስብሰባ አምቦ ስሄድ አባቱ ጋ ገብቼ ጠይቄ ነበር። ይሄ እንደሚረሳ አውቃለሁ" አለች። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፦ "ቁጭ በል፣ አንተ።"

ወንድም ጋሼ አላለችም። እዚያው ቁጭ አልኩ።

ሽማግሌዎቹ "ደማቸው አይገናኝም" ብለው ሲመርቁን የባኮው ሰውዬ ኮፍያውን አንስቶ ሊሄድ ተነሳ። ከኋላው ደርሼ ክንዱን ያዝኩት።

"ወዴት ነው፣ አጎቴ? ሰርጉ ላይ ከእኔ ወገን የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገኛል።"

"አሁን በሽማግሌ ፊት ምኔም አይደለህም ብያለሁ እኮ" አለ።

"እኔስ ስንቴ ዋሽቻለሁ?" አልኩት። ኮፍያውን መልሶ አስቀመጠው።