የከረጢት ንፍሮ

ስደቱን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከሌሊት ነው የሚጀምረው። እኔ ከቤት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳዬን በልቼ፣ እጄን ታጥቤ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ ድልድዩን በጨለማ የሚሻገር ሰው ይጠረጠራል። በሰባት ሰዓት ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ የሚሻገረውን ግን በዚያ ሙቀት ከጥላው ተነስቶ «ወዴት ነህ?» የሚለው የለም። የአንድ የጎንደር ባለሀብት ትራክተር ነበር የምነዳው፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ፤ እናቴን «መለዋወጫ ልገዛ ገዳሪፍ ደርሼ ልምጣ» አልኳት። እሷም አመነችኝ፤ ወይም ያመነች መሰለች፤ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ቀድሞኝ ተሻግሮ ገላባት ሻይ ቤት ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

መንገዱን አላስረዝመውም። ገዳሪፍ ላይ ጆንያ ተሸክመናል፣ ኻርቱም ላይ የሰው መኪና አጥበናል፣ ፉልና «ከስራ» የሚሉትን ቂጣ በልተን አድረናል። ከስራው እንደ ወረቀት ቢሳሳም ከማሽላ ስለሆነ የቤታችንን እንጀራ ያስታውሰን ነበር። ደሳለኝ ከዚያ ወደ ካይሮ ሄደ፣ አሁንም እዚያው ይሠራል። እኔ በበረሃው ወደ ሊቢያ፣ ከሊቢያ በባሕሩ። ስለ ባሕሩ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ለምን እንደሚጠይቀኝ ስለምጠረጥር እሱን እለፉልኝ።

ጀርመን እንደገባሁ የመዘገበኝ ሹም በአስተርጓሚ መቼ እንደተወለድኩ ጠየቀኝ።

«ሰሊጡን ዝናብ የመታው ዓመት፣ ኅዳር ሚካኤል ሰሞን» አልኩ፤ እናቴ እንደዚያ ነው የምትለው።

አስተርጓሚው ብዙ ተናገረ። ሹሙ ጥቂት ጻፈ።

«ምን አለ?»

«ያኑዋር አንድ ብሎ መዝግቦሃል። የእነሱ አዲስ ዓመት ነው።»

«እኔ እኮ የዚያን ቀን አልተወለድኩም!»

«አሁን ተወልደሃል» አለኝ አስተርጓሚው፣ ቀና እንኳ ሳይል።

በእነሱ ያኑዋር አንድ፣ በእኛ ታኅሣሥ ሃያ ሦስት መሆኑ ነው፤ ጾመ ነቢያት ሳይፈታ። የዚያን ጊዜ በጉዳዩ ስቄ ነበር።

ሥራ አገኘሁ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማሸግ። የምሳ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ናት፤ እጅ ታጥቦ እስኪመለስ ታልቃለች። ነጭ ዳቦ በሻይ እየበላሁ ከረምኩና ሐኪም ዘንድ ስሄድ ስኳሬ ወደ ላይ እያለ ነው ተባልኩ። ሐኪሟ «ቮልኮርን ብላ» አለችኝ። ቮልኮርን ማለት ያልተፈተገ፣ ገለባው እንጂ ቆዳው ያልተገፈፈ እህል ነው። «እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ አልበላሁም» አልኳት። አልሳቀችም። ጊዜ የለኝም ስላት፣ ተቀቅሎ በከረጢት የታሸገ እንደሚሸጥና ሚክሮቬለ ውስጥ ሁለት ደቂቃ እንደሚበቃው ነገረችኝ። ሚክሮቬለ ያቺ ምግብ የምታሞቀው ሳጥን ናት።

ገዝቼ ቤት ስከፍተው ምን ልበላችሁ! ስንዴና ሽምብራ፣ ተቀቅሎ፣ ተቀላቅሎ። ንፍሮ በላስቲክ! ገልብጬ ቀኑን ባየው እስከሚመጣው ዓመት አይበላሽም ይላል። እኛ ቆላ ጠዋት የተቀቀለ ንፍሮ ማታ ይዝለገለጋል። ይህን ማን ቀቀለው? መቼ? ምን ቢጨምሩበት ነው ዓመት የሚቆየው? ቅቤ ይኖረው ይሆን ብዬ በስልኬ እያስተረጎምኩ ከረጢቱ ላይ ያለውን እያንዳንዷን ቃል አነበብኩ። ቅቤ የለውም፤ ቢያንስ የለውም ብለው ጽፈዋል።

የባሰው ጥርጣሬ ሌላ ነው። የማሽላ ንፍሮ ቢሆን ምንም አይደለም፣ አረም ላይ በፌስታል ይዘን ወርደን የምንበላው ነው። ስንዴና ሽምብራ በትልቅ ሳህን ሲቀርብ ግን፣ በእኛ ቤት እንደምታውቁት፣ ሰው ሞቷል። ብቻዬን ቁጭ ብዬ እሱን መብላት ሟርት መሰለኝ። ስለዚህ ንፍሮ እንዳይመስል ማድረግ ያዝኩ። ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት ከትፌ፣ ቃሪያ ጨምሬ፣ ሎሚ ጨምቄ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ፣ ከላይ የተቆላ ሰሊጥ እበትንበታለሁ። የሰሊጡን ከረጢትም አገላብጬ አየዋለሁ፣ የእኛ አገር ይሁን አይሁን አይጽፉበትም። ሐኪሟ ብታየኝ ትደሰት ነበር፤ እኔ ግን ያን ሁሉ ያደረግሁት ለጤናዬ ብዬ አይደለም።

የአከራዬ ስም ፍራው፣ ማለት ወይዘሮ፣ ኬለር ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፣ እሳቸው ታች፣ እኔ ላይ፣ ኩሽናው የጋራ። አንድ ቀን «ማሩ፣ ላስቲክ ቢጫው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ነው የሚጣለው» አሉኝ።

«ቆሻሻዬን ያያሉ እንዴ?»

«ቆሻሻህን አላይም፣ ስህተትህን ነው የማየው።»

ከቆሻሻዬ ግን ስህተቴን ብቻ ሳይሆን የምወደውን ምግብ ጭምር ተማሩ። እንደምጾምም ያውቃሉ፤ «ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ታዲያ ምን አለ?» እያሉ ያዝኑልኝ ነበር።

ያኑዋር አንድ መጣ። ከተማው በርችት ሲናወጥ አድሮ ተኝቷል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከታች አማርኛ ሰማሁ። በዚያ ቤት ከእኔ በቀር አማርኛ ተናግሮ የሚያውቅ የለም። ስወርድ ጋሽ አያሌው ጥቁር ኮት ለብሰው ኩሽና ተቀምጠዋል። ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኋቸው፣ እንደ አባት የማያቸው የጎጃም ሰው ናቸው። አጠገባቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርሃኔ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ሳህን ሙሉ ስንዴና ሽምብራ።

ሁለቱም ሳህኑን ያያሉ።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉኝ ጋሽ አያሌው።

በማለዳ ቁጭ በል የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ይነገረዋል?

«እናቴ ናት?» አልኳቸው።

ጋሽ አያሌው መልስ ፍለጋ ይመስል ወደ ጓዳው በር ዞሩ። ወይዘሮ ብርሃኔ «ወይኔ ወንድሜን!» ብላ ጮኸች፣ እኔም ወለሉ ላይ ተዘረርኩ፣ ጋሽ አያሌውም ኮታቸውን ተከናንበው አለቀሱ። ፍራው ኬለር ሻማ የተሰካበት ዳቦ ይዘው ከጓዳ ብቅ ሲሉ ሦስት ሰው ደረቱን ይመታል። ሻማው እየነደደ ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

ነገሩ ልደቴ ነው። ፍራው ኬለር ከወረቀቴ ላይ አይተው፣ ሳልሰማ ሊያስደስቱኝ፣ በጾም የምበላውን ራሳቸው ቀቅለው፣ እነ ጋሽ አያሌውን ለሦስት ሰዓት ጠርተዋቸው ኖሯል። ጋሽ አያሌው ደግሞ «በጠዋት ኑ፣ ለእሱ ግን አትንገሩት» ሲባሉ ምን ይጠርጥሩ? ቀድመው መጡ። «ማን እንደሞተ ሴትዮዋ ያውቃሉ ብዬ ነዋ! ገብቼ ባይ ንፍሮው ተቀምጧል፣ አንተ ብትሆንስ ምን ትል ነበር?» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ።

እኔ ግን አላመንኳቸውም። የዚያን ቀን እንዳልተወለድኩ አውቃለሁ። መርዶ ሊነግሩኝ መጥተው፣ አወዳደቄን አይተው ፈርተው የመለሱት መሰለኝ። ጋሽ አያሌው በሚካኤል ማሉልኝ። መሐላ ደግሞ አውቃለሁ። ኻርቱም ላይ አብሮን ይኖር የነበረ ልጅ አባቱ ሞቶ፣ መጀመሪያ እራቱን ይብላ ብለን «አባትህ ደህና ነው» ብዬ የማልኩለት እኔ ነኝ። ያንን እራት እየሳቀ ነው የበላው።

ወደ አገር ቤት ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ቀንም ሞከርኩ፣ መጋዘን ውስጥ ተደብቄም ሞከርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በመጨረሻ እናቴን ይዛ ገንዳ ውሃ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ፣ እትየ ሙሉ፣ አነሳች።

«እማየ የት ናት?»

«ጠበል ሄዳለች።»

በማግስቱ ደወልኩ። «ገለጉ ነው ያለችው፣ አክስትህ ዘንድ።»

«ትናንት ጠበል አልነበረችም?»

«ከጠበሉ ነዋ የሄደችው!»

«በዚያ ክፉ መንገድ? በምን?»

«በአይሱዙ። ምነው አንተ፣ ፖሊስ ሆንክ እንዴ?»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ቁርጥ ነው አልኩ፣ እናቴ የለችም።

ከአራት ቀን በኋላ ስልኬ ጠራ።

«ማሩየ» አለች እናቴ።

ድምጿ ነው። ቢሆንም «የመጀመሪያዋ ላማችን ስሟ ማን ነበር?» አልኳት።

«ምን ሆነሃል? ወለላ ነዋ!»

«እማየ! የት ነበርሽ?»

«ጎንደር፣ ዓይኔን ተቀድጄ። እንዳትሰጋ ብለን ደበቅንህ እንጂ ደህና ነኝ ልጀ፤ አሁንማ ጉንዳን ሳይቀር አያለሁ።»

ደስታ አቅሌን አሳተኝ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ያሰብኩትን ሁሉ ሳላመዛዝን ቀባጠርኩ። እሷም እንደ ልማዷ «ምን በላህ?» አለችኝ።

«ስንዴና ሽምብራ፣ ቅቅል።»



«ንፍሮ?»

«አዎ፣ እዚህ እኮ በከረጢት ይሸጣል! ሐኪም አዞልኝ ነው።»

«ሐኪም ንፍሮ ያዛል?»

«ለስኳር ጥሩ ነው ብላ...»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማየ።»

«ደሳለኝ ነው?»

«ደሳለኝ ደህና ነው! ቅዳሜ አውርተናል።»

«እኛስ ደህና ናት፣ ጠበል ናት ስንልህ አልከረምንም?»

ዝም ማለቴን ነው የሰማችው። «ሙሉ! ኧረ ሙሉ ነይልኝ!» ስትል ድምጿ ተሰበረ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ኔትወርኩ እስካሁን አልተመለሰም። እኔም እሞክራለሁ፣ ደሳለኝም ድምፁን ሊያሰማት ከካይሮ ቀን በቀን ይሞክራል። እናቴ ግን በዚያ በተገለጠ ዓይኗ በየማለዳው በሩን እያየች እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። ይህን የምታነቡ ወደ ገንዳ ውሃ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የማሩ እናት ቤት ብትሉ ያሳዩአችኋል። ደሳለኝ በሕይወት አለ፣ ማንም አልሞተም በሉልኝ። ብቻ በጠዋት አትሂዱባት። ሁለት ሆናችሁም አትሂዱ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ብቻውን ይሂድ፣ ገና ከሩቅ ስታየው እየሳቀ።