የሀጂራ አተር

ሀጂራ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ቁጡ ነበረች። አሰላ ዳርቻ ያለው መንደሯ ግን ሁለቱን አይለይም፤ የቱሳ ሚስት ምላሷ አለንጋ ነው እያለ ያማታል። ምን አንገብግቧት እንደሆነ የጠየቃት ሰው የለም።

ከሲሬ ለቱሳ ተድራ ስትመጣ እናቷ ሲንቄዋን በእጇ አስይዛታለች። ሲንቄ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ነው፤ የአርሲ ሴት በሠርጓ ቀን ከእናቷ ትቀበለዋለች። ባል ሚስቱን ቢያዋርድ፣ ማንም ሴትን ቢበድል፣ ሴቲቱ ሲንቄዋን ይዛ ከደጅ ወጥታ ትጮኻለች። ያን ጩኸት የሰማች ባለሲንቄ ሁሉ የያዘችውን ጥላ ትወጣለች፤ በዳዩ ከብት ስቦ ይቅርታ እስኪጠይቅም ማንም ቤቷ አትገባም። ሲንቄ ይዘው የተቀመጡ ሴቶችን አቋርጦ የሚያልፍ ወንድ የለም።

ከዚያ በትር ሌላ ሀጂራ የኔ የምትለው ነገር አልነበራትም። ላሞቹ የቱሳ ናቸው። መሬቱ የግራዝማች ሣህሌ ነው፤ ቱሳ ጢሰኛቸው ነው። ልጆቹም «የቱሳ ልጆች» ነው የሚባሉት፤ ምጡን ያማጠው ቱሳ ይመስል።

አተሩን ያመጣው ወተት ነው። ሀጂራ ከተማ ውስጥ ለምትኖር አንዲት ፈረንጅ ነርስ ወተት ታደርስ ነበር። ነርሷ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትነሳ በክብሪት ቀፎ ጥቂት ጥቁር ፍሬ ሰጠቻት፤ አተር መሆኑን፣ ግን የሚሸተት እንጂ የማይበላ መሆኑን፣ ግማሹን በአፏ ግማሹን በእጇ አስረዳቻት። ሀጂራ ሳቀች። የማይበላ አተር ደግሞ ምን ሊባል ነው ብላ ወሰደችው።

በአጥሩ ሥር ቆፍራ፣ እበት አልብሳ ዘራችው። ሐረጉ የሚወጣበት እንጨት ተከለችለት፤ ዝናቡ ሲያባራ ከወንዝ በእንስራ እየቀዳች አጠጣችው። ሲያብብ ሐምራዊውም፣ ነጩም፣ ሮዙም አንድ ላይ ወጣ፤ ሽታው ከገበያ የሚመለሰውን ሰው ያስቆም ጀመር። ቆመው የማን ነው ብለው ይጠይቃሉ። የሀጂራ ነው ይባላሉ። የቱሳ አይደለም፣ የግራዝማችም አይደለም። ይህን በሰማች ቁጥር ሆዷ ቅቤ ይጠጣል።

አተሩ ግን ዓመት ቆይቶ የሚደርቅ ነው። ፍሬው ተለቅሞ ካልተዘራ በቃ፣ የለም፤ ፈረንጇም ሄዳለች። አላፊ አግዳሚው ደግሞ ገና ለምለም ሳለ እሸት መስሎት ይቀጥፈዋል፤ የመንገድ ዳር እሸት መቅመስ ነውር አይደለማ። ቀምሶ ይተፋዋል፤ ዘሩ ግን ያው ጠፋ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ሀጂራ መረራትና ሲንቄዋን አውጥታ ከአተሩ መደብ ራስጌ ተከለችው። ጎረቤቷ ፋጡ ደነገጠች፤ የእናት በትር ለአተር መደገፊያ ይሆናል ወይ ብላ ገሠጸቻት። ሀጂራ ግን ሲንቄ ያየ እጅ አይዘረጋም አለች። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። አርሲ የኖረ ሁሉ አርሲን የሚያውቅ መስሏት ነበር።

ጥር ላይ ግራዝማች ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ሽርጉድ ሆነ። አሽከሮቻቸው ለዳሱ ቅጠልና አበባ ፍለጋ ተሰማሩ። ሀጂራ ከተማ ወተት አድርሳ ስትመለስ አጥሩ ራቁቱን ቆሟል። ሐረጉ ከነሥሩ ተነቅሏል፤ ሲንቄውም የለም።

ወደ ግራዝማች ግቢ በሩጫ ሄደች። አበባዋ በዳሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ፀሐይ አጠውልጎታል። ሲንቄዋ ቅጠል ሊደግፍ በአግድም ታስሯል፤ ረዘመ ብለው ጫፉን ቆርጠውታል። ግራዝማች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዛሉ።

«ግራዝማች፣ ይህ በትር ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«መሬቱ የኔ፣ የበቀለበትም የኔ» አሉ ዘወር ብለው እንኳ ሳያዩዋት። «ይልቅ ነገ መጥተሽ ሥጋ ብዪ።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእስላም ጋር ኖረው፣ እስላም የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ ረሱት! ወይስ የረሱት እሷ ሰው መሆኗን ነው? ሀጂራ ሲንቄዋን ከእስሩ መንጭቃ አወጣችው፤ የዳሱ አንድ ጎን ተዘንጥሎ ወደቀ።

ቤት ስትደርስ ቱሳ ወሬውን ሰምቶ ውስጥ ተሸሽጓል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ተረተላት፤ ለማይበላ አበባ ብለሽ ከመሬት ልታስነቅዪን ነው ወይ አላት። ከግራዝማች ይልቅ ይኸኛው አንጀቷን አሳረረው። ጫፉ የተቆረጠውን ሲንቄ ይዛ መንገድ ላይ ወጣችና ጮኸች።

ፋጡ ቀድማ ደረሰች። ከዳገቱም ከቆላውም ሴቶች በትራቸውን ይዘው ወረዱ። በማግስቱ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲመጣ መንገዱ በሴት ተዘግቷል፤ ያዜማሉ እንጂ ንቅንቅ የለም። ግራዝማች ጠመንጃ አምጡ እያሉ ዛቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሻለች ግን እዚያው አርሲ ተወልደው ያደጉ ናቸው።

«ልጅዎን መዳር ከፈለጉ ይክፈሉ» አሏቸው።

ሽማግሌ ተጠራ። ግራዝማች የካሣ ጊደር አስጎትተው መጡ፤ ለሀጂራ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በድያለሁ አሉ። ሴቶቹ መርቀው መንገዱን ለቀቁ። ጊደሯ እንደ ሥርዓቱ እዚያው መታረድ ነበረባት፤ ይህን ጊዜ ቱሳ ከተሸሸገበት ብቅ አለ። እንዲህ ያለች ዘረ መልካም ጊደር አትታረድም፣ በግ ይበቃል ብሎ ሽማግሌዎቹን ለመነ። እነሱም ወንዶች ናቸውና እሺ አሉት።

ሀጂራ የምታስበው ሌላ ነበር። ከጓሮ፣ ከቤቱ ግድግዳ ጋር፣ ወድቆ የበቀለ አንድ የአተር ሐረግ አሽከሮቹ ሳያዩት ቀርቷል። ፍሬው መድረቅ ጀምሯል። ያለ እሱ ዘር የለም። ቱሳን ይዛው ሄደች፤ በእጇም አሳየችው።

«አባ ሀሊሜ፣ እዚህ ምንም እንዳይደርስ» አለችው፣ በበኩር ልጃቸው ስም ጠርታ።

እሺ አላት። ቱሳ ሁልጊዜ እሺ ነው።

ሴቶቹን ሸኝታ ስትመለስ ጊደሯን ጓሮ አገኘቻት። ቱሳ የሰው ዓይን እንዳይበላት ብሎ ከቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር አስሯታል። ግድግዳው ባዶ ነው፤ ጊደሯ ታመነዥካለች። ከውስጥ የቱሳ ድምፅ ይሰማል፤ ግራዝማች እንዴት «ለእኛ» እንዳጎነበሱ ለእንግዶች ያወራል።

ዘሩ አለቀ። ሀጂራ አላለቀሰችም። ሲንቄዋን አንስታ እንደገና መንገድ ላይ ወጣችና ጮኸች። ፋጡ ገና ቤቷ አልደረሰችም ነበር፤ ተመለሰች። ሌሎቹም ተመለሱ። ማን በደለሽ ሲሏት በበትሯ ወደ ገዛ ቤቷ አመለከተች።

ቱሳ ወጥቶ ሴቶቹን ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወዲያ ወዲህ ብሎ መውጫ ሲያጣ፣ እሺ፣ ጊደሯን ውሰዱ አለ።

«እሷ የኔ ናት» አለች ሀጂራ። «ላሞቹ ያንተ አይደሉም እንዴ? ከነሱ አምጣ።»